መንገዱ ሲታጠፍ፦ «ለምን?» ሳይመለስ መታዘዝ

በመጀመሪያው ዓመት የዜና አጻጻፍ ስንማር ስድስቱን ጥያቄዎች ሁላችንም ሸምድደናል፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። ከእነዚህ ሁሉ አስቸጋሪው «ለምን» ነው። መኪና የተገለበጠበትን ቦታና ሰዓት በዚያው ቀን ማወቅ ይቻላል። ለምን እንደተገለበጠ ግን ከሳምንት በኋላ ሊታወቅ፣ ጭራሽም ላይታወቅ ይችላል። ጥሩ ዘጋቢ ታዲያ ያላወቀውን «ለምን» ከራሱ ፈጥሮ አይሞላም። የተረጋገጠውን ይጽፋል፣ የቀረውን ይጠብቃል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ነገር ወደ እምነት ሕይወት አምጥቼ ለማየት እሞክራለሁ። በዲፓርትመንታችን የተለያየ እምነት ያለን ሰዎች እንደምንገኝ ይታወቃል። እኔ የምጽፈው በማውቀው በክርስትናው በኩል ነው። ጥያቄው ግን የሁላችንም ይመስለኛል። ሕይወት ባልጠበቅነው በኩል ሲታጠፍ ለእግዚአብሔር መታዘዝ ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄው ከየት መጣ?

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በዜና ሲነበብ ቁጥር ነው። እኔ በመጣሁበት በዶዮገናም ሆነ በሌላ ከተማ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ደብተር ይዞ የተመላለሰ ልጅ በአንድ ቀን ቤት ቀረ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በእኛ አገር የሚሰማው ንግግር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ጌታ ይሄን በር የዘጋው የተሻለ ስላዘጋጀለት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን በድሎ ይሆን?» ይላል። ሁለቱም «ለምን»ን በዚያው ቀን መመለስ ይፈልጋሉ። ልጁ ነገ ጠዋት ተነስቶ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ማንም አልነገረውም።

ጅማ ታስቦ ሆሳዕና

የአካባቢያችን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ራሱ ከታጠፈ መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። በ1920 ዓ.ም. ዶ/ር ቶማስ ላምቢና የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ባልደረቦቻቸው በበቅሎ ከአዲስ አበባ ሲነሱ ያሰቡት ጅማ ለመድረስ ነበር። አልሆነላቸውም። ሥራቸውን የጀመሩት በሆሳዕና፣ በወላይታ ሶዶና በሲዳማ ሆነ። ዛሬ ቃለ ሕይወት የምንላት ቤተ ክርስቲያን መነሻዋ ከዚያ ነው።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚነገረን ከመጨረሻው ተነስቶ ነው። «እግዚአብሔር ጅማን የዘጋው ለእኛ ብሎ ነው» እንላለን። ለከምባታና ለሐዲያ ሰው ደስ ይላል። ጅማ ያለው ሰውስ ምን ይበል? ደግሞም በቅሎ ላይ የነበሩት ሰዎች መጨረሻውን አያውቁም ነበር። የሚያውቁት ወንጌል እንዲያስተምሩና በሽተኛ እንዲረዱ መምጣታቸውን ነው። ጅማ ላይ ሊያደርጉት ያሰቡትን ሆሳዕና ላይ አደረጉት። ቦታው ተለወጠ እንጂ ትእዛዙ አልተለወጠም። ለእኔ የታሪኩ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው።

ሁለተኛው መታጠፊያ የመጣው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ሶዶን ለቀው ወጡ። በወላይታ የተጠመቁት አማኞች ያኔ 48 ያህል ነበሩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው፤ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ሰው ነው። በወረራው ዓመታት እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎች ታስረዋል፣ ተገርፈዋል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 እንደሚገመት ተጽፏል። በከምባታና በሐዲያም የአማኙ ቁጥር በብዙ ጨምሮ ነበር።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ይመስለኛል። 10,000 የሚለው ቁጥር የታወቀው በኋላ ነው። ዋንዳሮ ሲገረፍ ጀርባው ላይ የነበረው አለንጋ እንጂ ቁጥር አይደለም። እነዚያ ሰዎች የመከራውን ምክንያት አውቀው አልታዘዙም። የሚያውቁት ትንሽ ነበር፤ ጸልዩ፣ ተሰብሰቡ፣ የሰማችሁትን ለጎረቤት ንገሩ፣ የወደቀውን አንሱ። ያንኑ ትንሽ ነገር አደረጉ። ውጤቱ ባይመጣስ ኖሮ መታዘዛቸው ከንቱ ይባል ነበር? እኔ አይባልም ባይ ነኝ።

የተከፈተ በር ሁሉ የታዘዘ መንገድ አይደለም

እስካሁን ያየነው ስለ ተዘጋ በር ነው። የተከፈተ በርም ሰውን ይፈትናል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን ታስረው ከተፈቱ በኋላ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። ሕዝቤን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳም ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ገደማ ታስረዋል። ከአገር መውጣት ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ጌታችን ኢየሱስ ራሱ በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ተሰድዷል። ነጥቡ በሩ መከፈቱ ብቻውን «ግባ» ማለት አለመሆኑ ነው። ቄስ ጉዲና የተመለከቱት የተሰጣቸውን አደራ ነው።

ይህ ለእኛ አካባቢ የጥንት ታሪክ አይደለም። የሐዲያና የከምባታ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፍ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። በስደቱ ላይ ያጠኑ ምሁራን እንደጻፉት በ1990ዎቹ በሆሳዕና በተደረገ ትልቅ የወንጌል ስብሰባ ላይ ወደ ደቡብ በር እንደሚከፈት ትንቢት ተነግሮ ነበር፤ ብዙ ሰውም መንገዱን እንደ እግዚአብሔር ጥሪ ቆጠረው። ተሳክቶላቸው ቤተሰብ ያስተማሩ፣ ቤት የሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የረዱ አሉ። የቀሩም አሉ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ አገር በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የተነገረላቸው 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ። ታዲያ ደርሶ የተሳካለት «ጌታ ከፈተልኝ» ካለ ኮንቴይነር ውስጥ የቀረውን ልጅ እናት ምን እንላታለን? በር መከፈቱንና መዘጋቱን ብቻ እያየን የእግዚአብሔርን ፈቃድ የምናነብ ከሆነ ለዚህች እናት የምንነግራት ቃል አይኖረንም።

የኤርምያስ ደብዳቤ

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ቅርብ ሆኖ ያገኘሁት ኤርምያስ 28 እና 29ን ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን የተማረኩ ሰዎች አሉ። ሕይወታቸው ታጥፏል። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ነገር ይመለሳል አለ። ሕዝቡ መስማት የሚፈልገው ይህንን ነው። ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት ነው ብሎ ደብዳቤ ላከላቸው። ቤት ሥሩ፣ ተክል ትከሉ፣ ተጋቡ፣ ልጅ ውለዱ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ የሚል ሐሳብ ያለው ደብዳቤ ነው። በጣም ተራ ትእዛዝ ነው፤ ምልክት የለው፣ ድንቅ የለው።

ተክል ትከሉ የሚለውን የእኛ አገር ሰው ሲሰማ የሚታየው እንሰት ነው። እንሰት ሲራባ የአሚቾው መሃል ተቆርጦ ይወጣና ይቀበራል። ያኔ ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ያወጣል። ችግኙም ባለበት አይተውም፤ እየተነቀለ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይዛወራል። ለቆጮ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። የሚተክለው ሰው ያንን ሁሉ ዓመት ምን እንደሚመጣ አያውቅም። ቢሆንም ይተክላል፣ ፍግ ያለብሳል፣ ያርማል። ለምርኮኞቹ የተባለው እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ለእኛ ምን ይላል?

አንደኛ፣ «ለምን» ብሎ መጠየቅ አለመታዘዝ አይደለም። ኢዮብ ጠይቋል፣ መዝሙረኛውም አልቅሶ ጠይቋል። መታዘዝ አፍን መዝጋትም አይደለም፤ ልጆችን ለፈተናው በቂ ዝግጅት የማይሰጥ አሠራር ካለ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ተብሎ መሸፈን የለበትም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ምልክት ከመፈለጋችን በፊት ድሮ የታወቀውን ትእዛዝ እንይ። ያልመረጠው ዲፓርትመንት የተመደበ ተማሪ ለምን እዚህ እንደመጣ ላያውቅ ይችላል። እውነት መጻፍ እንዳለበት፣ ኮርሱን በሐቅ መማር እንዳለበት፣ ዶርም ውስጥ የታመመ ጓደኛውን ክሊኒክ ማድረስ እንዳለበት ግን ያውቃል። ለዚህ ትንቢት አያስፈልገውም። ፈተናው ያልሆነለት ልጅም እንዲሁ ነው። ለምን እንደወደቀ ማንም በእግዚአብሔር ስም ሊነግረው አይችልም፤ እናቱን ማገዝ፣ ሙያ መማር ወይም ደግሞ መፈተን ግን ዛሬ ከፊቱ አለ።

ሦስተኛ፣ የሌላውን ሰው «ለምን» እኛ አንመልስለት። የኢዮብ ጓደኞች ሰባት ቀን ዝም ብለው አጠገቡ ሲቀመጡ ጥሩ ጓደኞች ነበሩ። ያበላሹት ምክንያቱን ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ነገ ማይክሮፎን ይዘን ኀዘን ቤት ለምንገባው ለእኛ ይህ የሙያም ትምህርት ነው። የምናውቀውን እንናገር፣ የማናውቀውን አንሙላ፤ ከፊታችን ያለውን ሥራ ግን ዛሬውኑ እንሥራ።