«ዛሬ ማታ ስልካችሁን አጥፉ» የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ

 

«ዛሬ ማታ አደገኛ የኮስሚክ ጨረር በምድር አጠገብ ያልፋል፤ ስልካችሁን አጥፉ፣ ከአጠገባችሁ አርቁ፣ ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ!»

ይህን መልእክት ያላየ ጥቂት ነው። ቀን ስለማይጻፍበት «ዛሬ ማታ» አያልቅም። አሁን አቃቂ ያለች አንዲት እናት አመነችው እንበል። ስልኳን አጥፍታ ትተኛለች። የማታ ፈረቃ ፋብሪካ የገባው ልጇ በዚያ ሌሊት አንድ ነገር ቢገጥመው አያገኛትም። ላኪው ግን «ለኸይር ብዬ ነው» ብሎ ተኝቷል።

እስቲ ነገሩን እንመርምረው።

የኮስሚክ ጨረር እውነት ነው። ከሕዋ የሚመጡ፣ አብዛኞቹ ፕሮቶን የሆኑ እጅግ ፈጣን ቅንጣቶች ናቸው። ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ እ.ኤ.አ. በ1912 በፊኛ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ ሲለካ፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጨረሩ እየበረታ ሄደ። ምንጩ ከምድር ሳይሆን ከላይ መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው።

ቅንጣቶቹ ከአየር ጋር ሲጋጩ ሙዮን የሚባሉ ሌሎች ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። በባሕር ወለል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ በደቂቃ አንድ ያህል ሙዮን ይወርዳል። አቃቂ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ድርሻዋ ከዚያ ይበልጣል፤ እንጦጦ ደግሞ ከአቃቂም ይበልጣል። ሱጁድ ወርዳችሁ መዳፋችሁን ምንጣፉ ላይ ስታሳርፉ፣ በየሰከንዱ ቢያንስ አንድ ሙዮን በእጃችሁ ያልፋል። ትናንትም ነበረ፣ ነገም ይኖራል። ስልክ ማጥፋት አያስቆመው፤ ስልክ መክፈትም አይጠራው።

ኒውትሪኖ የሚባለው ቅንጣት ደግሞ ከዚህም ይረቃል። ከፀሐይ ብቻ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር በየሰከንዱ ወደ 65 ቢሊዮን ያህል ያልፋል፤ ሱብሓነላህ፣ አንዱም አይሰማንም! ቮልፍጋንግ ፓውሊ ይህ ቅንጣት ሊኖር ይገባል ያለው በ1930 ነው። ሬይነስና ካዋን በመሣሪያ ያረጋገጡት በ1956 ነው። 26 ዓመት ማጣራት ማለት ነው።

በ2011 የሆነውን ደግሞ ስሙ። ጄኔቫ አጠገብ ካለው ሰርን የተላኩ ኒውትሪኖዎች በመሬት ውስጥ 730 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጣሊያን፣ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ያለው ላቦራቶሪ ይደርሳሉ። ኦፔራ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን ሲለካ ከብርሃን 60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው የደረሱ መሰለው። እውነት ቢሆን ፊዚክስን የሚያናጋ ዜና ነበር። ተመራማሪዎቹ ለወራት ራሳቸው ፈተሹት፤ ስህተቱን ሲያጡ ውጤቱን ይፋ አድርገው «ስህተታችንን ፈልጉልን» አሉ። በ2012 ተገኘ፤ በደንብ ያልተሰካ አንድ የፋይበር ኬብል ነበር። ዓለም እያየ ስህተታቸውን ተናገሩ።

ወሬ ሲመጣ ማጣራትን ከሱረቱል ሑጁራት ተምረናል። እነዚያ ሰዎች ለ60 ናኖ ሰከንድ ይህን ያህል ከተጨነቁ፣ እኛ የእናቶቻችንን እንቅልፍ ለሚነሳ መልእክት ሁለት ደቂቃ እንዴት እናጣለን?

ስለዚህ «ሼር» ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ቀን አለው? ማን ለካው፣ የት ተናገረው? ሐሰት ቢሆን ማን ይጎዳል? «ናሳ ተናግሯል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይደለም።

ከዚህ በፊት ልካችሁ ከሆነም አትሸማቀቁ። ወደዚያው ግሩፕ ተመለሱና «ተሳስቼ ነበር» በሉ። ከዚያ ለእናታችሁ ደውሉላት፤ ዛሬ ማታ ስልኳን ክፍት አድርጋ ትተኛ።