ስለ አንድ የጦር ሜዳ አስፈሪ ፊልም፦ ፍርሃት ከየት ይመጣል?

በሪያድ ሲኒማ ቤቶች ከሠላሳ ዓመት በላይ ተዘግተው ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ቢከፈቱም፣ የትኬቱ ዋጋ ለስኮላርሺፕ ተማሪ አይቀመስምና የጥናት ክበባችን ፊልም የሚያየው በዶርም፣ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስቦ ነው። ባለፈው ዓርብ ማታ ያየነው እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪታንያ የተሠራውን፣ የስቲቭ ባርከርን «አውትፖስት» ነበር። ቅጥረኛ ወታደሮች አንድን ሰው አጅበው በምሥራቅ አውሮፓ ወደሚገኝ አሮጌ የናዚ ምሽግ ይገባሉ፤ በዚያም በሙከራ የተነሣ ሞት የማይዛቸው የናዚ ወታደሮች ይጠብቋቸዋል። እኛን የሳበን «ሙከራ» የሚለው ቃል ነው፤ የሕክምና ተማሪዎች ነንና።

ደግ ደጉን አስቀድመን እንናገር። መጀመሪያው ጥሩ ነው። ጨለማው መተላለፊያ፣ ከጫካው የሚተኩሰው የማይታይ ጠላት፣ በሬሳ ክምር መካከል የተገኘው የማይናገር ሰው፦ እነዚህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ያስፈራሉ። ስለዚህ «በጀቱ አነስተኛ ስለሆነ ነው» የሚለውን ሰበብ አንቀበልም። ፊልሙ የወደቀው ሙታኑ ከጉም ውስጥ ወጥተው መታየት ሲጀምሩ ነው። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ቀጥሎ የሚሞተው ማን እንደሆነ ከመቁጠር በቀር ሥራ የለውም። ጥፋቱ ሁሉ በአንድ መሣሪያ ላይ ተላከከ። ትእዛዙን የፈረመው ሹም የለም፤ ሙከራውን የመራው ሐኪም የለም፤ የተሞከረበት ሰው ስምም የለም።

ለመሆኑ እውነቱ እንዴት ነበር? እ.ኤ.አ. በ1942 በዳኻው እስር ቤት ሐኪሞች እስረኞችን በበረዶ ውኃ ውስጥ እየነከሩ፣ ባሕር ላይ የሚወድቅ አብራሪ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይመዘግቡ ነበር። በ1946 በኑረምበርግ ከቀረቡት 23 ተከሳሾች 20ዎቹ ሐኪሞች ነበሩ፤ 7 ሰዎች ተሰቀሉ። ዛሬ በሽተኛን ፈቃዱን ሳንጠይቅ ለምርምር እንዳንነካ የሚያዘው ባለ 10 ነጥብ ደንብ የመጣው ከዚያ ችሎት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይቀርበናል። ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. በተከዜ ግንባር፣ በራስ እምሩ ጦር ላይ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ኢጣሊያ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት አጽድቃ ነበር። ይህ መርዝ ቆዳ ሲነካ ወዲያው አያምም። የነካው ሰው ሥራውን ይቀጥላል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ዓይኑ ይቃጠላል፣ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፣ ሳንባው ይቆስላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማጠብ ነው። ባዶ እግሩን በረከሰ ሣር ላይ ለሚሄድ ወታደር ግን ይህን ማን ይነግረዋል? በዚያው ወር በ20ኛው ቀን ደግሞ በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር በጋዝ መጠቀሙን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ክርክራችን እስከ እኩለ ሌሊት የቆየው በዚህ ላይ ነበር። አንዳንዶቻችን እንዲህ ያለ መከራ በአስፈሪ ፊልም መልክ መቅረቡ ነውር ነው አልን። የሚበዙት ግን ተቃወሙ፤ ይህን ለማሳየት ጉምም፣ የሚራመድ ሬሳም፣ ብዙ ገንዘብም አያስፈልግም አሉ። አውሮፕላኑ ያልፋል፤ ሰዎቹ እሳት አንድደው ቂጣ ይጋግራሉ፤ ገና ምንም አልሆኑም።