ከግምጃ ቤት ብሎግ መጻፍ፦ ኔትወርኩን ለመጨረሻ አቆዩት

አዊ ውስጥ፣ አንከሻ ባለችው ከተማችን ግምጃ ቤት ተቀምጦ ብሎግ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ምክሬ ዳታውን አጥፍቶ እንዲጀምር ነው። ብዙው ሰው የሚጀምረው ከሌላኛው ጫፍ ነው፤ ካርድ ይሞላል፣ ፓኬጅ ይገዛል፣ አካውንት ይከፍታል፣ የገጹን ቀለም ሲቀያይር ያመሻል። ወደ ጽሑፉ ሲደርስ ወይ ዳታው አልቋል ወይ መብራቱ ሄዷል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ይህን ይገለብጠዋል። ጽሑፉም ፎቶውም ርዕሱም ስልካችሁ ላይ ተሠርቶ ያልቃል፤ ኔትወርክ በዋናነት የሚያስፈልገው ሲጫን ነው።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ አንድሮይድ ስልክ፣ የጂሜይል አካውንትና አንድ ፍላሽ ነው። ኮምፒውተር ካለ እሰየው፣ ከሌለም ሥራው አይቆምም።

ምን ይጻፍ?

ሰዎች ደውለው የሚጠይቋችሁን ጻፉ። ጥር ሲቃረብ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ ስለ ጥር 23 የፈረስ በዓል ይጠይቃል፦ ፈረሱ በስንት ሰዓት ይጀምራል? እንጅባራ አልጋ ይገኛል? በዋዜማው ልግባ ወይስ በማለዳው? በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ያከብራል፤ ጥያቄውም በየዓመቱ ያው ነው። መልሱን አንድ ጊዜ በወጉ ጽፎ ሊንኩን መላክ ከሃያ ስልክ ያድናል። የዘንገና ሐይቅ መንገድ፣ የቀርከሃ ሥራ፣ የድንች ዘር አቀማመጥ፣ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። ስለ አዲስ ስልክ ሞዴል መጻፍ ካማራችሁ የሚከለክል የለም፤ ግን እሱን ከናንተ ቀድሞ የሚጽፍ ሞልቷል። የአንከሻን ገበያ ቀን ግን ከናንተ ሌላ ማን ይጽፈዋል?

አጻጻፉ

ስልኩ ላይ ያለው ተራ የማስታወሻ መተግበሪያ ይበቃል። ለኪቦርድ ጂቦርድን ጫኑና አማርኛን ጨምሩበት፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው ኪይማንን ቢሞክር ይሻላል፣ በነጻ ይገኛል፣ አንዴ ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

በአገው ቋንቋ፣ በአውጚ የምትጽፉ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ። በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ የሚጻፍበት የ«ጘ፣ ጙ፣ ጚ» ቤት በብዙ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ፊት ለፊት አይታይም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ንግ» እያለ ወይም በ«ኝ» እየተካ ያልፈዋል። ፊደሉ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግዕዝን ሲያስገባ አብሮ ገብቷል፤ ዛሬ የሚሸጥ ስማርት ስልክ ያሳየዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከዚህ ጽሑፍ ላይ «ጚ»ን ቅዱ፣ በጂቦርድ ማስተካከያ ውስጥ ወዳለው የግል መዝገበ ቃላት ግቡ፣ ፊደሉን ለጥፉና «ንጊ» የሚል አቋራጭ ስጡት። ከዚያ በኋላ «ንጊ» ስትጽፉ «ጚ» ከላይ ብቅ ይላል። የቀሩትንም እንዲሁ አድርጉ። ሰባቱን ቤት ለመጨረስ ቡና እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል።

የድሮ ፋይል ያለው ሰው

የከተማችን የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤቶች ውስጥ ገና ያልታየ ሀብት አለ። የእድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የደብር ታሪክ፣ የጡረተኛ መምህር የትውልድ ሐረግ ጥናት፣ ሁሉም በፍላሽ ተቀምጧል። ችግሩ፣ ብዙው የተጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ ነው። እነዚህ ፎንቶች የግዕዝን መልክ በላቲን ፊደላት ላይ የሚያለብሱ ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ በውስጡ የያዘው «ሀ»ን ሳይሆን አንድ የእንግሊዝኛ ምልክትን ነው። ፎንቱ ባለበት ማሽን ላይ ጽሑፉ ያምራል፤ ወደ ስልክ ሲሄድ የነጥብ፣ የቅንፍና የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል።

ማጣሪያው ይህ ነው። ከፋይሉ አንድ አንቀጽ ቀድታችሁ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩ። ስልኩ ላይ አማርኛ ሆኖ ከተነበበ ዩኒኮድ ነውና ቀጥሉ። ካልተነበበ ሁለት መንገድ አለ፤ ፋይሉ ረጅም ከሆነ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ያለው ጸሐፊ ፈልጉ፣ አጭር ከሆነ ደግሞ እንደገና ጻፉት። ተቀይሮ የመጣውን ሳታነቡ አትመኑ፤ ሆሄያት እየተዘለሉና እየተምታቱ ይመጣሉ፣ በተለይ «ሏ»ን የመሰሉት። አንዳንዱ ሰው ገጹን ፎቶ አንስቶ ፎቶውን ይለጥፋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ፎቶ ውስጥ የታሰረን ጽሑፍ ፈልጎ ማግኘትም፣ ቀድቶ መውሰድም ፈተና ነው፣ ዳታም ይበላል።

ስለ ዳታ ካነሣን፦ በዩኒኮድ (ዩቲኤፍ-8) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 1500 ቃል ያለው ጽሑፍ 25 ኪሎባይት አካባቢ ይመዝናል ማለት ነው። ስልካችሁ የሚያነሣው አንድ ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ ከ3 ሜጋባይት ይበልጣል። ከመቶ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ጽሑፍ ርካሽ ነው፣ አርዝሙት፤ የሚቆጠበው ፎቶው ላይ ነው።

ፎቶ ማቅለል

ስኩዎሽ የሚባል የጉግል ነጻ መሣሪያ አለ። በብራውዘር ይከፈታል፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ፎቶውም ከስልካችሁ አይወጣም። ፎቶውን አስገቡ፣ «ሪሳይዝ» የሚለውን ከፍታችሁ ስፋቱን 1200 አድርጉ፣ ጥራቱን 75 ላይ ተዉት። 4 ሜጋባይት የነበረው ብዙውን ጊዜ ከ300 ኪሎባይት በታች ይወርዳል። ዓይን ልዩነቱን አያየውም፤ የፈረሱ ጋማ ላይ ያለው ጌጥ እንኳ አንድ በአንድ ይታያል።

ሌላም ጥቅም አለው። ስልኩ በፎቶው ውስጥ የሚደብቀው የቦታ መረጃ በዚህ ሂደት ይጠፋል። የሰው ግቢ ውስጥ የተነሣ ፎቶ ከነአድራሻው እንዳይወጣ ይህ ይጠቅማል። በኋላ ጽሑፉን የምንጭንበት ብሎገር ራሱ ለአንባቢ ፎቶውን አሳንሶ ያቀርባል፣ ታዲያ ለምን እደክማለሁ የሚል ይኖራል። የአንባቢውን ዳታ እንጂ የናንተን አይቆጥብም፤ መጀመሪያ የሚጫነው ሙሉው ፋይል ነው። የጥር 23 ዕለት ሕዝቡ ሁሉ ስልክ ይዞ ቪዲዮ በሚልክበት ሰዓት ሙሉውን ፋይል ለመጫን የሞከረ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ርዕስ ስትሰጡ

ጉግል ላይ «ግምጃ ቤት» ብላችሁ ፈልጉ። የሚመጣው የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ ነው፣ ጎንደር ያለችው ግምጃ ቤት ማርያም ናት፤ የኛ ከተማ ከታች ትቀራለች። ስለዚህ በርዕሱ ወይም በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ «አገው ግምጃ ቤት»፣ «አንከሻ»፣ «አዊ» የሚሉት ቃላት ይግቡ። ሁለተኛው ጣጣ የአጻጻፍ መለያየት ነው። አንዱ «እንጅባራ» ይላል፣ ሌላው «እንጂባራ»፤ «ዳንግላ» የሚል አለ፣ «ዳንጊላ» የሚልም አለ። «ጸሐይ» እና «ፀሀይ» ቢነበቡ አንድ ናቸው፣ የፍለጋ ሞተር ግን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አያያቸውም። አንዱን መርጣችሁ በርዕሱ ላይ ተጠቀሙ፤ ሌላውን በጽሑፉ መሐል አንድ ቦታ ጣል አድርጉት። ከዚያ በላይ መደጋገም ጽሑፉን ያበላሻል።

አሁን ዳታ ክፈቱ

ብሎገርን የምመርጠው ነጻ ስለሆነና በየዓመቱ በውጭ ካርድ የሚከፈል ነገር ስለሌለው ነው። ዎርድፕሬስ የበለጠ ይችላል፤ ለጀማሪ ግን ምርጫው ራሱ ያደክማል። በጂሜይል ግቡ፣ ስም ስጡ፣ በላቲን ፊደል አጭር አድራሻ ምረጡ። በማስተካከያው ውስጥ የሰዓት ክልሉን ወደ ጂኤምቲ+3 ቀይሩ፤ ካልተቀየረ በአሜሪካ ሰዓት ይቆጥርና ማለዳ የለጠፋችሁትን የትናንት ያደርገዋል። የኢትዮጵያን ቀን በጽሑፉ ውስጥ ራሳችሁ ጻፉ። የገጽ መልክ ስትመርጡ ጌጥ የሌለውን ውሰዱ፤ ልዩ የግዕዝ ፎንትም አትጨምሩ። አንድሮይድ የራሱ ኖቶ የሚባል የግዕዝ ፎንት አለው፤ ሌላ መጫን አንባቢውን በከንቱ ዳታ ማስከፈል ነው።

ጽሑፉን ለጥፋችሁ «ፐብሊሽ» ከማለታችሁ በፊት ግን አንድ ቦታ ቁሙ። ብሎገር የጽሑፉን ሊንክ የሚሠራው ከርዕሱ ነው፣ የግዕዝ ፊደል ግን አይቀበልም። ርዕሱ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ከሆነ «ብሎግ ፖስት» የሚል ትርጉም የለሽ ሊንክ ይሰጠውና ለቀጣዮቹ ቁጥር እየቀጠለ ይሄዳል። በስተቀኝ ካለው ዝርዝር «ፐርማሊንክ»ን ክፈቱ፣ «ከስተም» የሚለውን ምረጡ፣ በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ቃል በሰረዝ አያይዛችሁ ጻፉ፤ የከተማውን ስምና ጉዳዩን ብቻ። ከታተመ በኋላ ሊንኩን መቀየር የተላከውን ሁሉ ያበላሻል።

ዎርድፕሬስ የሚጠቀሙ ሰዎች ተቃራኒው ይገጥማቸዋል። እሱ አማርኛውን ይቀበላል፤ ነገር ግን ሊንኩ ሲቀዳ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ወደ 9 የመቶኛ ምልክት፣ ቁጥርና ፊደል ይዘረዘራል። «ግምጃቤት» የሚለው አምስት ሆሄ 45 ምልክት ይሆናል። አማርኛ ሲሆን 70 ምልክት ብቻ በሚይዝ አጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲህ ያለውን ሊንክ ለመላክ ብትሞክሩ ለሌላው ቃል ቦታ አይተርፍም። እዚያም መፍትሔው ያው ነው፣ ሊንኩን በላቲን አሳጥሩ።

ከታተመ በኋላ

ሊንኩን ከናንተ ስልክ በዕድሜ ለሚበልጥ ስልክ ላኩ። ሁላችንም ቤት ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ሳምሰንግ ወይም ቴክኖ ያለው ወንድም ወይም አክስት አለን። እሱ ላይ ቶሎ ከተከፈተ የትም ይከፈታል። ቁጥር የሚወድ ሰው የጉግልን ፔጅስፒድ ይጠቀም፤ ገጹን የሚያዘገየው ምን እንደሆነ ዘርዝሮ ያሳያል።

አንባቢ የሚመጣው በብዛት ከቴሌግራም ነው። የራሳችሁን ቻናል ክፈቱና ከሊንኩ በላይ የጽሑፉን ፍሬ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ዳታ የሌለው ሰውም ያቺን ይዞ ይሂድ። «ሙሉውን ለማንበብ ሊንኩን ይጫኑ» ብቻ ብሎ መልቀቅ የአንባቢን ትዕግሥት መፈተን ይመስለኛል።

ሰው በግልጽ የሚታይበትን ፎቶ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አታውጡ፤ ልጅ ከሆነ ወላጁን። ወሬ ስትጽፉ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን በወንጀል እንደሚያስጠይቅ አትርሱ፤ ከ5 ሺሕ በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከወጣ ቅጣቱ ይከብዳል። «ሰምቼ ነው» መከላከያ አይሆንም።

ቅጂ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለአብዛኛው ሰው አንድ ዓመት ገደማ አልተመለሰም። ከዚያ በፊትም በአገራችን ብሎጎች ለዓመታት ታግደው ቆይተው ከ260 በላይ ድረ ገጾችና ብሎጎች የተከፈቱት በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ጽሑፋችሁ ያለው ኢንተርኔት ላይ ብቻ ከሆነ በእጃችሁ የለም ማለት ነው። በየወሩ መጨረሻ በብሎገር ማስተካከያ ውስጥ «ባክ አፕ» የሚለውን ተጫኑ፤ ጽሑፎቹን ሁሉ አንድ ፋይል አድርጎ ያወርድላችኋል። ፎቶዎቹን ግን አያወርድም፤ እነሱን ለብቻ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ፍላሹ ጽሑፍ ቤት ለጽሑፍ ቤት የሚዞረው አይሁን፤ ፎልደርን ሁሉ አቋራጭ የሚያደርገው ቫይረስ ከዚያ ነው የሚመጣው። ዋና ዋና ጽሑፎችን ደግሞ በኢንተርኔት አርካይቭ የዌይባክ ማሽን ላይ «ሴቭ» አድርጉ። እናንተ አካውንታችሁን ብታጡ እንኳ ቅጂው እዚያ ይቀመጣል።

አካውንት ማጣትን ካነሣን፣ የጂሜይሉን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ክፈቱ። ሲም ካርድ ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ የማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ አይመጣም፤ ስለዚህ ጉግል የሚሰጣችሁን 10 መጠባበቂያ ኮዶች አሳትማችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ። አንዱ ኮድ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። የተጠቀማችሁበትን ሰርዙ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሲቀሩ አዲስ ዝርዝር አውጡ፣ የድሮው ያን ጊዜ ከነአካቴው መሥራት ያቆማል።

የጥር 23ን የመሰለ በየዓመቱ የሚመለስ ጽሑፍ ከሆነ አዲስ አትክፈቱለት። ታኅሣሥ ላይ ያንኑ ገጽ ከፍታችሁ የአልጋውን ዋጋና የመኪናውን ሰዓት አድሱ፣ ከላይ «የታደሰው» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ፣ ሊንኩን አትንኩት።