ከቦምብ ምርመራ ወደ አባልነት ምዝገባ፦ የ1919–1920 የአሜሪካ ፀረ ኮሚኒዝም ዘመቻና የማስረጃ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1919 በስምንት የአሜሪካ ከተሞች ቦምቦች ፈነዱ፤ ከዒላማዎቹ አንዱ የጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ የኤ. ሚቸል ፓልመር መኖሪያ ቤት ነበር። ፈጻሚዎቹን ለመያዝ የተጀመረው ምርመራ ግን ብዙም ሳይቆይ መልኩን ለወጠ። ቦምቡን ማን አፈነዳ የሚለው ጥያቄ፣ የየትኛው ድርጅት አባል ማን ነው በሚለው ተተካ። ይህ ጽሑፍ ለውጡ በምን የሕግ መንገድ እንደተፈጸመና በምን እንደተገታ ይመረምራል።

መንገዱን የከፈተው የ1918ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ሕጉ መንግሥትን በኃይል መገልበጥን የሚሰብክ ድርጅት አባል የሆነ የውጭ አገር ዜጋ እንዲባረር ይፈቅዳል። ማባረር አስተዳደራዊ እርምጃ እንጂ የወንጀል ቅጣት ተደርጎ ስለማይቆጠር መደበኛ የፍርድ ቤት ክርክር አያስፈልገውም ነበር። በኦገስት 1919 በምርመራ ቢሮው ውስጥ የተቋቋመውና የ24 ዓመቱ ጄ. ኤድጋር ሁቨር የመሩት ክፍል በዚሁ ተጠቀመ፤ ሰዎችንና ድርጅቶችን በካርድ እየመዘገበ፣ ሰርጎ ገቦችን እያሰማራ የአባልነት ማስረጃ ሰበሰበ።

በዲሴምበር 21 ቀን 1919 ኤማ ጎልድማንንና አሌክሳንደር በርክማንን ጨምሮ 249 ሰዎች ቡፎርድ በተባለች መርከብ ወደ ሶቪየት ሩሲያ ተጋዙ። በጃንዋሪ 2 ቀን 1920 ደግሞ ከ30 በሚበልጡ ከተሞች በተካሄደ አፈሳ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹም ያለ ማዘዣ፣ ተያዙ። በአፈሳው ዋዜማ አንድ ደንብ ተሻሽሎ ነበር፦ ተጠርጣሪው ጠበቃ የማቆም መብት እንዳለው ጉዳዩ ለመንግሥት ጥቅም በሚበቃ መጠን ከተጣራ በኋላ ሊነገረው ይችላል። ከዚያ በፊት የሰጠው ቃል ግን በራሱ ላይ ማስረጃ ሆነ።

ይሁን እንጂ የማባረር ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን የፍትሕ ሚኒስቴር ሳይሆን የሠራተኛ ሚኒስቴር ነበር። በማርች 1920 ሚኒስትሩን ተክተው መሥራት የጀመሩት ሉዊስ ኤፍ. ፖስት መዝገቦቹን መርምረው ከ1,000 በላይ ማዘዣዎችን ሰረዙ። በእሳቸው መመዘኛ፣ ሳያውቅ ስሙ ከአንድ ፓርቲ ወደ ሌላው የተላለፈ ሰው አባል አይባልም፤ ያለ ጠበቃ የተገኘ ቃልም ተቀባይነት የለውም። በኮንግረስ ከሥልጣን ይነሱ የሚል ጥያቄ ቢቀርብባቸውም በሜይ ወር ቀርበው አሠራራቸውን አስረዱ፤ ጥያቄውም ሳይገፋ ቀረ። በጁን ወር የቦስተኑ የፌዴራል ዳኛ ጆርጅ አንደርሰን የአፈሳውን አፈጻጸም በውሳኔያቸው አጥብቀው ነቀፉ።

ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ድርብ ነው። በአንድ በኩል፣ መርማሪውና ወሳኙ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች መሆናቸው ብዙዎችን ከመባረር አድኗል። በሌላ በኩል፣ ጥበቃው የተመሠረተው በአንድ ባለሥልጣን አቋም ላይ እንጂ በሕጉ ላይ አልነበረም። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1922 የአንደርሰንን ውሳኔ በከፊል ሻረ። ሁቨርም በ1924 የምርመራ ቢሮው ኃላፊ ሆኑ። ማዘዣዎቹ ቢሰረዙም የስም ካርዶቹ በቢሮው እጅ ቀሩ።