ኩላሊት ያላዘዘው ደም፦ ኢፒኦ በብስክሌት ስፖርት

ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው ንጥረ ነገር ከውጭ በመርፌ ቢገባ እንዴት ሊታወቅ ይችላል? ይህ ጥያቄ የስፖርት ቤተ ሙከራዎችን ለዓመታት ሲያስቸግር ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ ኤሪትሮፖይቲን፣ በአጭሩ ኢፒኦ የተባለው ሆርሞን በብስክሌት ስፖርት ያለአግባብ የዋለበትን መንገድና ሳይንስ የሰጠውን ምላሽ እንመለከታለን።

ኢፒኦ በአብዛኛው በኩላሊት የሚመረት ሆርሞን ነው። ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ኦክስጅን ሲያንስ ሆርሞኑ ይመነጫል፤ በደም ተጉዞም የአጥንት መቅኔ ብዙ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲፈጥር ያዛል። ኦክስጅኑ ሲበቃ የሆርሞኑ ምርት ይቀንሳል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ የሚለማመዱ ሯጮችም የሚጠቀሙት በዚሁ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በዘረ መል ምሕንድስና የተመረተ ኢፒኦ ለገበያ ሲቀርብ የደም ማነስ ላሠቃያቸው የኩላሊት ሕሙማን ታላቅ እፎይታ ሆነ። ይሁን እንጂ ለሕሙማን የተሠራው መድኃኒት ጤነኛ ብስክሌተኞች እጅ ገባ። ቀይ ሕዋሳት ሲበዙ ለጡንቻ የሚደርሰው ኦክስጅን ይጨምራልና ተራራ ለሚወጣ ተወዳዳሪ ጥቅሙ ግልጽ ነበር።

መርፌው ግን የኩላሊትን ልጓም አያውቅም። ቀይ ሕዋሳት ከልክ ሲያልፉ ደም ይወፍራል፤ ልብም ደሙን ለመግፋት ይቸገራል። የደም መርጋት አደጋ ይጨምራል፤ የረጋው ደም የልብን ወይም የአንጎልን የደም ሥር ከዘጋ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በውድድር ላይ ላብ የሰውነትን ውኃ ሲቀንስ ችግሩ ይብሳል።

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ኢፒኦን እ.ኤ.አ. በ1990 ቢከለክልም አስተማማኝ መመርመሪያ አልነበረም። በ1997 የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር፣ ቀይ ሕዋሳቱ ከደሙ መጠን 50 በመቶ ያለፉበት ወንድ ተወዳዳሪ ለጊዜው ከውድድር እንዲያርፍ ደነገገ። ለአጭበርባሪዎች ግን ገደቡ ራሱ ዒላማ ሆነ፤ 50 እስኪቃረቡ መውሰድ ተችሏልና። በ1998 ቱር ደ ፍራንስ ሊጀመር ሲል በፌስቲና ቡድን መኪና ውስጥ ኢፒኦና ሌሎች አበረታች መድኃኒቶች መያዛቸው የችግሩን ስፋት ገለጠ።

በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ አዲስ ምርመራ ተጀመረ። የተፈጥሮውና የፋብሪካው ኢፒኦ በተሸከሟቸው የስኳር ሰንሰለቶች ይለያያሉ፤ ይህም የኤሌክትሪክ ሙላቸውን ስለሚለውጥ ከሽንት ናሙና መለየት ተቻለ። ሆኖም መድኃኒቱ በቀናት ውስጥ ከሽንት ይጠፋል፤ የጨመረው ደም ግን ለሳምንታት ያገለግላል። ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 ያገኛቸው ሰባት የቱር ደ ፍራንስ ድሎች በ2012 የተሰረዙትም በዋናነት በቀድሞ ባልደረቦቹ ምስክርነት ነበር። በ2013 ኢፒኦ መጠቀሙን ራሱ አመነ።

ስለዚህ ሳይንቲስቶች ከመድኃኒቱ ይልቅ ዱካውን መከታተል ጀመሩ። በ2008 በብስክሌት ስፖርት ሥራ ላይ የዋለው ባዮሎጂያዊ ፓስፖርት የእያንዳንዱን ስፖርተኛ የደም ውጤት ለዓመታት ይመዘግባል። ኢፒኦ ሲወሰድ ለጋ ቀይ ሕዋሳት ይበዛሉ፤ ሲቆም ደግሞ መቅኔው ሥራውን ስለሚቀንስ ከወትሮው ያንሳሉ። ስፖርተኛው የሚነጻጸረው ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ያለፈ ውጤት ጋር ነው፤ በመሆኑም በተፈጥሮው ብዙ ቀይ ሕዋሳት ያሉት ሰው ያለጥፋቱ አይጠረጠርም።

እንግዲህ ኩላሊት ያላዘዘው ደም በመቅኔው ሥራ ላይ ምልክት ጥሎ ያልፋል። ለአንድ ድል ብሎ ይህን ሚዛን የሚያፈርስ ስፖርተኛ አስቀድሞ ለአደጋ የሚያጋልጠው የገዛ ልቡን መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም።