በርካሽ የተገዛ ቪትዝ ስንት ያስወጣል?

የሰንበቴ ትልቁ ገበያ የሚቆመው በሳምንት አንድ ቀን፣ እሑድ ነው። ሸቀጡን በትንሽ መኪና ጭኖ ከከሚሴ ለሚመላለስ ነጋዴ መኪናው እሑድ ጠዋት አልነሳ ካለ፣ ጉዳቱ የጋራዥ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ የሳምንቱ ገበያም አመለጠው ማለት ነው። ያገለገለ መኪና የሚገዙ ብዙዎች ግን በሞዴሉና በዋጋው ይከራከራሉ እንጂ ይህን ወጪ ከቁጥር አያስገቡትም።

በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ ሁለት ቪትዞች ለሽያጭ ቀረቡ እንበል። አንደኛው በ150 ሺሕ ብር ይረክሳል፤ ነገር ግን ሞተሩ ይግላል። ነጋዴው በአንድ የገበያ ቀን 6 ሺሕ ብር የሚያተርፍ ከሆነና ርካሹ መኪና ከአምስት እሑድ አንዱን ካስቀረው፣ በዓመት አሥር ገበያ፣ ማለትም 60 ሺሕ ብር ያጣል። ጥሩው መኪና ከሚጠይቀው በላይ ለመለዋወጫና ለመካኒክ 70 ሺሕ ብር ቢያወጣ ድምሩ 130 ሺሕ ይደርሳል። የዋጋው ቅናሽ በ14 ወር ገደማ ተበልቶ አለቀ። ወደ ሌላ መደብ የሄደው ደንበኛ ገና አልተቆጠረም።

ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ ገዢው የማያየው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ የመኪና ዋጋ ንረት ኪሳራውን ይሸፍነዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ታገደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ስለዚህ ሲያንገላታው የኖረውን መኪና ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው «አተረፍኩ» ይላል። ትርፍ የመሰለው የብሩ መርከስ ነው፤ የተሻለው መኪናም በዚያው ልክ ተወድዷል።

ሁለተኛው ምክንያት የመረጃ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳየው፣ የመኪናውን ጠባይ ሻጭ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢው ለሁሉም አማካይ ዋጋ ሲሰጥ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አልሸጥም ብሎ ይወጣል፤ በገበያው ላይ በሽተኛው ይበዛል። (አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።) ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲዘጋ በመሆኑ፣ ስሙን የሚጠብቅ ካልሆነ በስተቀር፣ ስለ ሞተሩ የሚያስጨንቀው ነገር የለም።

ገዢ ያለው መከላከያ ፍተሻ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ማለዳ መድረስ ያሻል፤ አስቀድሞ የተሞቀ ሞተር የጠዋት ችግሩን ይደብቃል። ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ከታየ ውሃ ከዘይት ተቀላቅሎ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ይችላል። መካኒኩ የሻጭም የደላላም ወዳጅ ባይሆን ይመረጣል። አዲስ አበባ ላይ በብርዱ ያልጋለ ሞተር ጭነት ይዞ በቆላው ሙቀት ሊግል ስለሚችል፣ ሙከራው ዳገት ቢጨምር ጥሩ ነው። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ፣ በምሳሌው ሒሳብ ቢያንስ የአንድ ዓመቱን 130 ሺሕ ብር ቀንሶ መደራደር ይቻላል።