ሩቅ አገር ለወንጌል የሚሄድ ምን ይሰንቅ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን እናቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሸክማቸውን የሚያስሩት ከመነሣታቸው በፊት ነው። ጀርባቸው የሚችለውን ይለካሉ፤ ገመዱን ያጠብቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ይነሣሉ። ቁልቁለቱ መካከል ሸክም ቢፈታ መከራ ነውና። ለወንጌል አገልግሎት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወጣትም እንዲሁ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የማውቀው ወንድም ነው። ለአንድ ወር አገልግሎት ወደ ውጭ አገር እንዲሄድ የአጥቢያው ምእመናን ገንዘብ አዋጡለት። ካዋጡት መካከል እንጨት ሸጠው የሚያድሩ እናቶች ነበሩበት። ገንዘቡ አልበቃ ቢል ቀሪውን ተበድሮ ሄደ። እዚያ እንደ ደረሰ ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያዘ፤ ሥራውም አስቀረው። ወሩ አለፈ፤ ዓመቱም አለፈ። እኔ አልፈርድበትም፤ በእርሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እርግጠኛ አይደለሁምና። ነገር ግን ዛሬ በዚያ አጥቢያ ለአገልግሎት ጉዞ መዋጮ ሲጠየቅ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። እንግዲህ የነፍስ ዝግጅትና የገንዘብ ዝግጅት የማይለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ሀ. መላክ ይቅደም

በአንጾኪያ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን በርናባስንና ሳውልን የሸኘችው ጾማና ጸልያ፣ እጅ ጭና ነው (የሐዋ. 13፥1-3)። ራሳቸውን አልላኩም። ስለዚህ ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ከንስሓ አባቱ ጋር ይምከር፤ በጾምና በጸሎት ይቆይ፤ ራሱንም እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «እንደምመለስ የተረጋገጠ ቢሆን፣ መሄዴንም ማንም ባያውቅልኝ፣ እሄድ ነበርን?» ለዚህ ጥያቄ ልቡ ካመነታ ጉዞውን ያቆየው።

ሌላም መፈተኛ አለ። ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ከየክፍለ ሀገሩ ሕሙማን ይመጣሉ። አማርኛ የማይሰሙ አሉ፤ አስታማሚ የሌላቸውም አሉ። ለእነዚህ ውኃ ያልቀዳ፣ ሰላምታቸውን እንኳ በቋንቋቸው ያልተማረ ሰው፣ ባሕር ተሻግሮ ምን ሊያደርግ ነው? አባቶቻችን «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» ያሉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ለ. ትምህርቱንና ሰዉን ማወቅ

በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ፍሬምናጦስ ከአክሱም ወደ እስክንድርያ ሄዶ ጳጳስ እንዲላክልን ቅዱስ አትናቴዎስን በጠየቀ ጊዜ፣ የተሾመው ራሱ ነበር። ከሕዝባችን ጋር ኖሮ አገሩን ያውቅ ነበርና።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ አቡነ ይስሐቅን እናገኛለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ፣ ያን ጊዜ አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ ይባሉ የነበሩት እኒህ አባት በ1962 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን እንዲያቋቁሙ ወደዚያች ደሴት ተላኩ። ሊሰሟቸው ከመጡት ብዙዎቹ ንጉሠ ነገሥቱን እንደ አምላክ የሚያዩ ራስ ተፈሪያን ነበሩ። በንጉሡ ስም አጥምቁን ያሉም ነበሩ። እርሳቸው ግን በሥላሴ ስም ካልሆነ በቀር እንደማያጠምቁ ነገሯቸው፤ ሰዎቹን ግን አላባረሩም። በትዕግሥት አስተማሩ፤ ብዙዎችም ተጠመቁ። በ1998 ዓ.ም. ሲያርፉም የተቀበሩት በዚያው በጃማይካ ነው።

ሃይማኖቱን በሚገባ ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለ ፈተና ሲገጥመው ሰውን ለማስደሰት እውነቱን ይተዋል፤ ፍቅር የሌለውም እውነቱን ይዞ ሰዉን ያባርራል። ደግሞም ልብ በሉ፤ አቡነ ይስሐቅ እንዲኖሩ ተልከው ኖሩ። ለአንድ ወር የተላከ ግን በወሩ ይመለስ።

ሐ. ኮሮጆውስ?

አንዳንድ ወጣቶች «እግዚአብሔር ያውቃል» እያሉ ሳይሰናዱ መሄድን እንደ እምነት ይቆጥሩታል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን መጀመሪያ ያለ ኮሮጆ ልኳቸዋል (ሉቃ. 10፥4)፤ በኋላ ግን ኮሮጆ ያለው እንዲይዝ አዟል (ሉቃ. 22፥35-36)። ግንብ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላም አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ይሠራ ነበር (የሐዋ. 18፥3)። የፊልጵስዩስን ሰዎች ርዳታ ደግሞ በምስጋና ተቀብሏል (ፊልጵ. 4፥15-18)። መሥራትም መቀበልም የተፈቀደ ነው።

ስለዚህ፦

1. ወጪው ሁሉ በወረቀት ይጻፍ። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ሕክምና፣ ለድንገተኛ ነገር የሚቀመጥም ይታሰብ። የመመለሻው ቲኬት አስቀድሞ ካልተገዛ ጉዞው አይጀመር።

2. የምንዛሪ ለውጥ ይታሰብ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቀስ እያልን ብር ስናጠራቅም የቲኬቱ ዋጋ ቀድሞን ሊሄድ ይችላል።

3. በዕዳ አይኬድ። ዕቁብም ቢሆን ይታሰብበት። መጀመሪያ የደረሰው ባለ ዕዳ ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ግን ያጠራቀመ ነው። ተጓዡ ዕቁቡን ከፍሎ ሳይጨርስ አይሂድ።

4. ገንዘቡን አንድ ሰው ብቻውን አይያዝ። ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ርዳታ፣ ነቀፋ እንዳይኖር ከሌሎች ጋር ሆኖ አደረሰ (2ቆሮ. 8፥18-21)። ተጓዡ ሲመለስ ደረሰኙን በጉባኤ ያቅርብ፤ የተረፈውንም ወደ ሙዳየ ምጽዋት ይመልስ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ያቺ እንጨት ሸጣ ያዋጣች እናት ከእንጦጦ ወርዳ አታውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን በሰጠችው ገንዘብ ከተላከው ሰው ጋር አብራ ተልካለች። የሄደው በጊዜው ሲመለስ ቀጣዩን ለመላክ እጇን ትዘረጋለች። ሲቀር ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ መንገድ ዘጋበት። እኔም ተራዬ ቢደርስ ይህን እንዳልረሳ ጸልዩልኝ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሉቃ. 10 እና በሉቃ. 22 የተነገሩት ሁለቱ ትእዛዛት እንዴት ይስማማሉ?
2. በአጥቢያችን ቋንቋቸውን የማናውቅላቸው እነማን ናቸው? ምን አደረግንላቸው?
3. ለአገልግሎት ሄዶ የቀረ ወንድም ቢመለስ እንዴት እንቀበለዋለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።